እማዬ ዛሬ በረንዳ ላይ ወጣች

እማዬ ዛሬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳቀችልኝ!

ይሄ የአሳማ ጉንፋን እዚህ ኦክላንድ ገባ ሲባል «ሰው እንዳትስሚ» ብያት ነበር። እሷ ደግሞ «ካልሳምኩ ምን ብዬ ሰው ፊት እቆማለሁ?» ብላ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተወች። ምግቡም በልመና፣ ወሬውም ጠፋ። እኔ ከበሽታ የጠበቅኳት መስሎኝ!

ዛሬ ጓደኛዋ እትዬ ዘይነባ ከኮንኮርድ ከተማ በባርት ባቡር መጡና የሕንፃችን ፓርኪንግ ላይ ቆመው ወደ ፎቁ ተጣሩ።

«ከድጃ! አንቺ ከድጃ! ውጪ እንጂ!»

እማዬ በረንዳው ላይ ወጣች። «እዚህ ሆኜ እንዴት ልሳምሽ?»

«ጉንጭሽን አዙሪ! ይኸው በቀኝ፣ ይኸው በግራ!» አየሩን እየሳሙ። እማዬም ከላይ መለሰች። ከዚያ ልጁ፣ ጤናው፣ የወሎ ዘመዱ ሁሉ በጩኸት ተጠየቀ። ጎረቤቴማ የተጣሉ መስሎት «ፖሊስ ኮል ላድርግ?» አለኝ።

ስትገባ ሳቀችልኝና ምሳዋን ራሷ አቅርባ በላች።

እኔ የጎደላት መሳሳሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህ ቤት ሁላችን «እማዬ» ነው የምንላት። ከድጃ ብሎ የሚጠራት ሰው አልነበረም።

እናንተስ በዚህ ጉንፋን ሰሞን እናት አባቶቻችሁ እንዴት ሆኑላችሁ? እስቲ አውሩኝ።