ዓይኑን መክደን የፈራው ወንድሜ

ወንድሜ የታመመው እኔ በተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኜ ነበር። ሐኪሙ እንደዚያ አይደለም ብሎኛል። እናቴም ተይው ትለኛለች። እኔ ግን የሆነውን እንደሆነው ልጽፈው እፈልጋለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያኔ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። ወንድሜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ኮልፌ አንድ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ቢያቋርጥም ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለክፍል ያሰብኩትን ሙከራ ሳሎን ውስጥ ልሞክረው ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። ከራሴ አንድ ፀጉር ነቅዬ ለማስተማሪያ የምይዛት ትንሽ የሌዘር መብራት አፍ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩና ግድግዳው ላይ አበራሁ። ቀይዋ ነጥብ ወደ ጎን ተዘረጋች፤ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ ተሰለፉ። ወንድሜ ከሶፋው ተነሣ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ብርሃኑ በፀጉሩ ግራና ቀኝ አልፎ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ነው። የብርሃን ቅንጣቶችን አንድ በአንድ ብትልካቸው እንኳ ሲጠራቀሙ ይኸው መስመር ይወጣል።"

"አንዷ ቅንጣት በሁለቱም በኩል ታልፋለች?"

"እንደዚያ ነው የሚመስለው። በየት በኩል እንዳለፈች ለማየት ከሞከርክ ግን መስመሩ ይጠፋል።" ፊቱ ላይ ያየሁት መደነቅ ደስ አለኝና ጨመርኩበት፦ "ዓለም እኛ ስላየነው ይለወጣል ማለት ነው።"

እሷ ነበረች ዓረፍተ ነገሯ። ትክክል አልነበረችም። "ማየት" የሚባለው የሰው ዓይን ወይም ሐሳብ አይደለም፤ ቅንጣቷን የሚነካና በየት እንዳለፈች አሻራ የሚያስቀር ማንኛውም ነገር ነው፤ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያም ቢሆን። ይህን አውቅ ነበር። አሳጥሬና አሳምሬ ልናገር ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። ሁሉም ነገር አንድ ነው፣ ዓለምን የፈጠረው የኛው ሐሳብ ነው የሚሉ ቪዲዮዎች፤ አንዱ ሲያልቅ ስልኩ ሌላውን ያመጣለታል። መጀመሪያ ላይ ደስተኛ ነበር። ቁርስ ላይ "እኔና አንቺ የተለያየን ሰዎች አይደለንም እኮ" ሲለኝ እሥቅ ነበር።

ከዚያ ከቤት ሲወጣ ደረጃውን ወርዶ መመለስ ጀመረ። በሩን ይከፍትና እናታችንን ያያታል።

"ምን ረሳህ?"

"ምንም" ይላትና ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አየሁት። አንዱን ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ሌላውን፣ ሳሙናው እየለበለበው፣ አፍጥጦ ገልጦታል። እንባው ይወርዳል።

"ምን ሆነሃል?"

"ሁለቱንም ስከድን ያላችሁ አይመስለኝም" አለኝ፣ በተረጋጋ ድምፅ። "ለእኔ አታስቢ፤ የምፈራው ለእናንተ ነው።"

የማስረዳት ነገር ጀመርኩ፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ አሻራው። እስክጨርስ አዳመጠኝና "ይህን ሁሉ የምትነግሪኝ አንቺ ራስሽ ከሌለሽስ?" አለኝ።

እሱ ሲወጣ ባኞ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ዓይኔን ከደንኩ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመግለጥ ፈርቼ ነበር። ፎጣው፣ ባልዲው፣ ከበሩ ማዶ ያለው ሰው፣ ስገልጠው ባይኖሩስ?

ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ልወስደው ይገባ ነበር። አልወሰድኩትም። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑ እንዳይወጣም ፈርቼ ነው። እናቴ ክሳቱን አይታ ጠበል እንውሰደው ስትል "ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ።

"ቲቸር፣ ቶሎ ነይ። ወንድምሽ ያለ ጥቁሩ የብየዳ መነጽር ሲበይድ ውሏል። ብንለው ብንለው እንቢ አለ። አሁን ዓይኑ ጥሩ አይደለም።"

ታክሲው ኮልፌ መግቢያ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ፤ ወርጄ ሮጥኩ። ወንድሜ የተከመረ ቱቦ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ከሁለቱም ዓይኖቹ ውኃ ይፈሳል፣ የዓይኑን ሽፋኖች በጣቶቹ ወጥሮ ይዟቸዋል።

"አሸዋ የሞላበት ነው የሚመስለኝ" አለኝ።

"ክደነው! ትንሽ ክደነው!"

"አልችልም። እማዬ ብቻዋን ናት።"

ኮንትራት ታክሲ ይዤ ዘነበወርቅ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኩት። እናቴም ደውዬላት ከቤት በቀጥታ መጣች። ያየችው ዶክተር ወጣት ነበረች። ማደንዘዣ ጠብ አድርጋለት መረመረችውና የብየዳው ብርሃን የዓይኑን ገጽ እንዳቃጠለው፣ እንደሚድንም ነገረችን። "ግን ሁለቱም እስከ ነገ ተሸፍነው መቆየት አለባቸው" አለች።

ወንድሜ ከአልጋው ዘለለ። "አይሆንም! ትጠፋላችሁ! ሁላችሁም ትጠፋላችሁ!"

ዶክተሯ እጇን ሰበሰበች። ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ "እንዲህ ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?"

እውነቱን ተናገርኩ። እናቴ ቆማ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ያ ከቁጣዋ በላይ አስፈራኝ። ከዚያ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ልጄ፣ አንተን ስወልድ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ማን እያየኝ ነው የኖርኩት?"

ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ያዝኩ። የመጀመሪያው ዓይን ተሸፈነ። ሁለተኛው ሲሸፈን ጥፍሮቹ መዳፌ ውስጥ ገቡ፤ መላ ሰውነቱ ይርገፈገፋል። እናቴ ዝም ሳትል ታወራለች፤ ከጎጃም አዲስ አበባ የገባች ዕለት ኮልፌ ገበያ ውስጥ እንዴት እንደጠፋች፣ እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን። እኔ ግን የሚያየኝን ሰው ያጣሁ፣ እግሬ ከሲሚንቶው የለቀቀ መሰለኝ። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሆኖም እንደዚያ ነበር።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ዓይኑ በጥቂት ቀናት ዳነ። ሌላው ሕመም ግን ወራት ወሰደ፤ የአእምሮ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ መልሶ ያገረሸበት አንድ ወር። የሕመሙ መነሻ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንደሆነች ለሐኪሙ ስነግረው "ሕመሙ የሚናገርበት ቃል አያጣም ነበር፤ ያንቺን ባያገኝ የሌላ ሰው ያገኝ ነበር" አለኝ። ግማሹን አመንኩት።

አሁን ብየዳውን ትቶ እዚያው ቤት በሮቹን ቀለም ይቀባል። በቅርቡ ከቀጠሮ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሳልጠይቀው ጀመረ።

"ዓይኔን የሸፈኑኝ ቀን እኮ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"አንተ ነበርክ የምትንቀጠቀጠው።"

"የኔን አውቀዋለሁ። ያንቺ ሌላ ነበር። እንደምትፈሪ አስቤ አላውቅም ነበር። ካላሰብኩት ከየት መጣ? አልኩ።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "እና እዚያ አለሽ ማለት ነው አልኩ።"

"አሁንም እፈራለሁ" አልኩት።

"እኔም" አለ።

ፌርማታችን ደረሰና ወረድን። እናቴ ደውላ ሐኪሙ ምን አለ ብላ ጠየቀችን፤ መድኃኒቱን እንዳልቀነሰለት ነገርናት።