የመዳቡ ራዲያተር

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ያረፈች ጊዜ ማለት ነው። ጁባ፣ ጉዴሌ ውስጥ፣ የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርባት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ኮምፒውተሬ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይግልና ድርግም ይላል። ሙሽራዋ ለቀለበቱ ጣቷን ስትዘረጋ፣ ድርግም። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እንደዚያው ቪዲዮ እያየሁ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሳጥን ራሴ ልሠራለት ተነሣሁ።

ነገሩ እንደ መኪና ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ትንሽ የመዳብ ብሎክ ይቀመጣል፣ በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ እዚያ ፋን ይመታዋል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ብሎኩ ነበረኝ። ፓምፑን በውሃ ከሚያቀዘቅዝ የተበላሸ ፋን ፈታሁት። የቀረኝ ራዲያተር ብቻ ነበር፤ እሱን ታላቅ ወንድሜ ያመጣልኛል። ከካምፓላ ጁባ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ጭነቱን ካስተም ገበያ ነው የሚያራግፈው።

ሳጥኑን እዚያው ካስተም አንድ በያጅ ሠራልኝ። የሳልኩለትን ወረቀት ገለባብጦ አየና፣ «ዴ ሹኑ፣ ያ ኡክቲ? ምንድነው ይሄ እህቴ፣ የዶሮ ቤት ነው?» አለኝ።

«የኮምፒውተር ቤት ነው።»

«ዶሮ ብታረቢ ይሻልሽ ነበር። እሷ እንኳ እንቁላል ትጥላለች።»

እየሳቅኩ ሳጥኑን ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ጭኜ ተመለስኩ። ሱቅ ገብቼ ስልኬን ስከፍት፣ የአክስቴ ልጅ የእናቴን ፎቶ ለጥፋለች። ከሥሩ ሻማ አለ።

አክስቴ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ማን ነገረሽ?» ነው መጀመሪያ ያለችኝ። የኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፤ ማልዶ፣ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። ለጁባ የቸርች ሰዎች ቀድሞ ተነግሯቸው፣ ሁለታችንን አንድ ላይ ሊያረዱን ወንድሜ እስኪደርስ እየጠበቁ ኖሯል።

«ወንድምሽ መሪ ላይ ነው» አለች አክስቴ። «ያንን መንገድ ታውቂዋለሽ። በእናትሽ አጥንት፣ ከድምፅሽ እንኳ እንዳያውቅ።»

ስልኩን ዘጋሁ። እንባ የሚመጣ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ተነሥቼ በሳጥኑ የአየር ማስገቢያ ላይ አሮጌ ስቶኪንግ መወጠር ጀመርኩ። የጉዴሌን አቧራ ከዚያ የተሻለ የሚያስቀርልኝ ነገር አላገኘሁም። ግማሹን እንደወጠርኩ ስልኩ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው። ድንበር ላይ ሰልፍ ይዞ፣ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ነው የሚደውለው።

«እቱ! ራዲያተሩ ለእህቴ ኮምፒውተር ነው ብዬ ስነግረው፣ ዘይትም ትቀይርለታለች ወይ አለኝ ሰውዬው።»

«አገኘህ ታዲያ?»

«ሁለት ዓይነት አለ። አሉሚኒየሙ ይቀላል።»

«አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ፤ መዳቡን። ብሎኬ መዳብ ነው። ሁለቱ አንድ ውሃ ውስጥ ከገቡ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።»

«ልክ እንደ እኔና እንዳንቺ በያ፣ በልጅነታችን።» ሳቀ። ከዚያ፣ «እማዬን አግኝተሻታል? ስደውል አላነሣችም» አለ።

«ደህና ናት። ኔትወርክ ይሆናል» አልኩት። «ስፋቱን ለካው፣ ከሳጥኑ እንዳይተርፍብኝ።»

ለካልኝ። ጻፍኩት። ስቶኪንጉን ወጥሬ ጨረስኩ።

ከዚያ የቸርች እህቶች ብቅ ይሉ ጀመር፤ አንዷ ስኳር ልበደር ብላ፣ አንዷ እንዲያው በዚህ ሳልፍ ብላ። እነሱ እንዳላውቅባቸው ይጠነቀቃሉ፣ እኔ ማወቄ እንዳይነቃብኝ እጠነቀቃለሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ፍሪጅ ነው?» አለችኝ አንዷ። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣቴ አሳየኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንዲህ ያምራል እንዴ!» ብላ በጥድፊያ ወጣች።

ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ፤ ራዲያተሩን በብብቱ ይዞ። ባዶ ሆዱን እንዳይረዳ ቁርስ አቀረብኩለት። በልቶ እጁን ሲታጠብ የቸርች ሰዎቹ ገቡ። በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ሲመጡ አያቸውና፣ «ማን ነው?» አለ። እናታችሁ አሉት። ጮኸ። እኔን ሊያቅፈኝ ሲዞር፣ ፎጣውን ይዤለት ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ ደረቅ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ደህና ናት አልሽኝ እኮ!»

«መሪ ላይ ነበርክ።»

ራዲያተሩን ከጠረጴዛው ብድግ አደረገው። የሚወረውረው መስሎኝ ነበር፤ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

ለቅሶው ሲያበቃ ገጠምኩት። የተጣራ የባትሪ ውሃ ሞላሁበት፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ትንሽ ተንቦጫረቀና ጸጥ አለ። በቀትር ሙሽሮቹ ቀለበት አጠለቁ፣ ኬክ ቆረሱ፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። በእጄ ሳጥኑን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ፣ ቀጣዩን ሠርግ ከፈትኩ።

ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ እየነዳ የእኔን ስልክ አያነሣም። ስደውልለት መኪናውን ዳር ያስይዛል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ወርዶ ጥላ ያለበት መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መልሶ ይደውልልኝና፣ «ወርጃለሁ፤ ተናገሪ» ይለኛል።