በር የመታት ልጅ

ያን ዓመት ውርጩ ቅጠሉ ሳይረግፍ ደረሰና ጆሮ ይቆርጥ ነበር። በሰው አገር፣ ሠፈራችን ካለው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሙቀት ከሚወጣበት ማድረቂያ ሥር አንዲት ልጅ ትቀመጥ ነበር። የሚታጠብ ልብስ ይዛ አታውቅም፤ ኮምፒውተሯን ብቻ። የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ ጉንጯ ሰምበር አያጣውም።

«ምን መታሽ የኔ ልጅ?»

«በር ነው እማማ።»

«ያ በር ቀለበት ያደርጋል ልበል?»

ስትስቅ ከንፈሯ ደማ።

«የኮሌጅ ማመልከቻዬን ከመደበኛው ወደ ቅድመ ውሳኔው እያዞርኩት ነው» አለችኝ። «መልሱን ከሌላው ቀድመው ይሰጡኛል፤ ከተቀበሉኝ ግን መቅረት የለም፤ ፈርሜያለሁ፣ እናቴም ፈርማለች። አባቴ መትቶኝ ሲያለቅስ አንጀቴን ይበላኛል። በኋላ ልምረጥ ካልኩ እቀርለታለሁ።»

የመላኪያውን ቁልፍ እንደተጫነች አባቷ ገባ። ኮምፒውተሩን ከማጠቢያው ብረት ጋር አላተመው፤ እሷን በፀጉሯ ይዞ ጎተታት። በሳሙና ጀሪካን ጀርባውን ብመታው ዞር እንኳ አላለም። እሷ ደም እየተፋች «ሄዷል አባዬ፣ ተልኳል!» ትለው ነበር።

በተከታዩ ነሐሴ መናኸሪያ አየኋት። አባቷ የአውቶቡሱን መስኮት በቡጢ እየደበደበ ያለቅሳል፤ እሷም ታለቅሳለች፣ ግን አልተነሳችም። መጨረሻ ያየኋት እዚያ ነው፤ የተቀበላት ኮሌጅ ወዳለበት ቦስተን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አጥፋ።