ለሁለት የተከፈለ ሽሮፕ

ገና ሁለት ዓመት በሞላት ልጅ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? በመልኳ ወይም በልብሷ ማለቴ አይደለም፤ በአፏ። እኔ ቀንቻለሁ። ያውም ልጅቷ «ቲቸርዬ» እያለች አንገቴ ላይ በምትጠመጠምበት ሰዓት።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሐይቅ ከተማ፣ ከወልድያው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ አምባሰል ስለሚሠራ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይመለሳል። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ገበያ ላይ ጨርቅ ትነግዳለች። የእሷ ሴት ልጅና የእኔ ወንድ ልጅ በአንድ ወር ተወለዱ። እሷ ለልጄ ክርስትና ድስት ጥዳለች፤ እኔም ለልጇ አቂቃ፣ ለስም ማውጫ ድግሷ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አልቅሻለሁ።

ልጅቷ ግን ቀደመች። በበራችን የሚያልፈውን ባጃጅ «ቁም!» ትለዋለች። ብስኩት ስትከለከል «ወላሂ አንድ ብቻ!» ብላ ትምላለች። የእኔ ልጅ ጣቱን ይቀስርና «እ!» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለም። ይባስ ብሎ አስተርጓሚው እሷ ናት። «ውሃ ነው የሚለው» ትለኛለች። ውሃውን ስሰጠው ይጠጣል። የወለድኩት ልጅ ምን እንደሚፈልግ ከጎረቤት ልጅ አፍ ስሰማ ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር። እናትየው «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ስትለኝ ደግሞ ቃጠሎው ይብሳል። ማጽናናት እኮ ለቀደመ ሰው ቀላል ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁለቱንም ሳል ያዛቸው። ጎረቤቴ ቀድማ ልጇን ጤና ጣቢያ ወሰደች። ከሰዓት በኋላ አንዲት የታጠበች ትንሽ ጠርሙስ ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«ከልጄ ሽሮፕ ግማሹን ቀንሼልሻለሁ። ጠዋትና ማታ በሻይ ማንኪያ ስጪው፤ አላህ ያሽረው» አለችኝ።

በእኛ ግቢ ጨው ካለቀ ከጎረቤት ይመጣል፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣም ለብቻ አይበላም። ሽሮፑም በዚያው ልማድ ተከፍሎ መጣ። አመስግኜ ተቀበልኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ለልጄ ግን አልሰጠሁትም። አደጋውን አውቄ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ቅናት ነው። ንግግሩን ከልጅቷ የሚዋስ ልጅ መድኃኒቱንም ከእሷ ይዋስ? በማግስቱ ጠዋት ልጄን አዝዬ፣ ጠርሙሷን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። ልጄን መዘኑት፣ ደረቱን ገልጠው አተነፋፈሱን ተመለከቱ፣ አዳመጡትም።

«ጉንፋን ነው። ፈሳሽ ደጋግመሽ ስጪው። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም አልጠጣም ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ይዘሽው ነይ» አሉ። ከዚያ ጠርሙሷን አዩ። «ይሄስ ምንድነው?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ መድኃኒት ለእሱ አይደለም። ለልጅቷም የታዘዘው በክብደቷ ተሰልቶ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ደግሞ በየቤቱ ይለያያል። አሁን እሷም ሳትጨርስ ያልቅባታል፤ ሕመሙ ሊመለስባት ይችላል። መልሳችሁ እንዳትቀላቅሉት። እናቷ ዛሬውኑ ይዛት ትምጣ።»

ልነሣ ስል «ገና ቃል አላወጣም» አልኳቸው። ከልጄ ጀርባ ሆነው የቁልፍ ዘለላ አንቀጫቀጩ። ዞረ። ጣቱን ቀስሮ «እ!» አለ።

«ቁልፍ ነው እኮ የእኔ ጌታ» አልኩት ፈጥኜ። «በር የሚከፈትበት፤ ከብረት የሚሠራ፣ ይሄ ትልቁ ደግሞ...»

ሲስተር ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ እሱ መቼ ይናገር?»

ቁልፉን ከፊቱ ይዘው «ቁልፍ» አሉና ዝም አሉ። ቅንድባቸውን አንሥተው ጠበቁት። ልጄ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም፤ ሳቀላቸው ብቻ። ለእሳቸውም ቀናሁ። «የሚሰማ ይመስላል። ቢሆንም በደንብ እንዲመረመር ወደ ደሴ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ሲጠቁም ስሙን ንገሪውና ጠብቂ። ፋታ ስጪው» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ጨርቅ ታጥፋለች። ጠርሙሷን ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ።

«መድኃኒቴን ናቅሽው?»

«አልናቅሁም። መድኃኒት አይከፈልም አሉኝ።»

«ኧረ ቲቸር! ዓሣዬን ስትበዪ ይከፈላል፣ ሽሮፕ ሲሆን አይከፈልም? ይሄንንም ከመጽሐፍ ነው ያገኘሽው?»

«ከልጅሽ ቀንሰሽ ነው እኮ የሰጠሽኝ። ሳትጨርስ ብታቆም ሊያገረሽባት ይችላል። ዛሬውኑ ይዛት ትምጣ ብለዋል።»

ቁጣዋ ጠፋ። ጨርቁን እንዳለ ትታ ልጇን አዘለችና ባጃጅ ጠራች። ከራሷ ልጅ ጉሮሮ ቀንሳ የሰጠችኝን ሴት ከኋላዋ እያየሁ፣ በደግነቷም ቀናሁ። እኔ እንደዚያ መስጠት እችል ነበር?

ለልጇ አዲስ ሽሮፕ ይዛ ስትመለስ የሲስተርን ምክር ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ጀመርኩ። ለአስተማሪ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም፤ መልሱን እያወቁ አፍ መዝጋት! ልጄ ይጠቁማል፤ «ውሃ» እልና ዝም እላለሁ። «እ!» ይላል፤ ትንሽ ቆይቼ እሰጠዋለሁ። ልጆቹ ከሳሉ ተሻላቸው፤ የእኔ ልጅ ቃል ግን አልመጣም። ደሴ የመሄጃችን ቀን እየቀረበ ነበር።

አንድ ቀን አራታችንም በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ልጄ ወደ ጀሪካኑ ጠቆመ። ልጅቷ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፏ ያዘችባት።

«ዛሬ አስተርጓሚ የለም!»

«ውሃ» አልኩና ከንፈሬን ነከስኩ። ልጄ እኔን አየ፣ ጎረቤቴን አየ። በመጨረሻ በእናቷ መዳፍ የታፈነችውን ልጅ ትክ ብሎ አያትና «ውዋ» አላት።

«ወላሂ ተናገረ!» ብላ ከእናቷ እጅ ፈልቅቃ ወጣች።

የመጀመሪያ ቃሉን ለእሷ ሰጠ። ውሃውን የቀዳሁት ግን እኔ ነኝ፤ ስቸኩል ግማሹን አፈሰስኩት። ደሴ መሄዳችን አልቀረም። አሁንም ትንሽ እቀናለሁ።

እናንተም ቤት የሚጠቁም ልጅ ካለ ዛሬ ሞክሩት፦ የነገሩን ስም አንዴ ተናገሩና አፋችሁን ዝጉ። ከንፈራችሁን መንከስ ቢያስፈልግ እንኳ ንከሱና ጠብቁት።