ከላይ ስልሳ አንድ፣ ከግርጌ አርባ አንድ

ጥፋቱ የአራት ሰዎች ነው። አንደኛዋ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ልጄ ናት፤ ሁለተኛው መምህሯ፤ ሦስተኛው ግቢው በር አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ፤ አራተኛው እኔ፣ ወናጎ ከተማ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ፊደልን ከጎለመስኩ በኋላ ለራሴ ያስተማርኩ አባት። በጥፋት መጠን ቢሆን እኔ ከፊት እሰለፍ ነበር።

መምህሩ «ለፈተናው ከገጽ ስልሳ አንድ እስከ መቶ አርባ አንብቡ» ብሏል። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ በነፃ አለ። ልጄ እዚያው ተቀምጣ ልታነብ ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ስክሪኑ ላይ እኮ ሙሉው አለ።»

«በመስታወት የሚታይ ነገር ፊልም ነው። መጽሐፍ በእጅ ይያዛል። አሳትሚው!»

አብሬያት ሄድኩ። ሰውዬው ልጄ መጽሐፉን የገለበጠችበትን ፍላሽ ተቀብሎ ሁለቱን የገጽ ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ማተም ጀመረ። እኔ ጣቴን በምራቅ እያራስኩ ቆጠርኩ፤ ልክ ሰማንያ ገጽ።

«ጋሼ፣ ማሽኑን አላመኑትም?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አንተንም አላመንኩህም» አልኩት በኩራት።

ቆጠርኩ እንጂ አላየሁም።

ሰውዬው አንድ ቅጂ አስቀርቶ ለክፍሉ ሁሉ አባዝቶ ሸጠ። መጽሐፉን በስልካቸው ይዘው የሚዞሩ ልጆች የእኔን ወረቀት ተሻምተው ገዙ፤ በቀለም አሰመሩበት። የመጨረሻው ገጽ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይቆማል። ይህን ያስተዋለ አልነበረም፤ እዚያ የደረሰ የለማ! ልጄም ጭምር።

ክፍሉ በሙሉ ወደቀ። ልጄ ቤተ መጻሕፍቱ ወስዳ አሳየችኝ፤ ኮምፒውተሩ ከላይ ስልሳ አንድ ይላል፣ የገጹ ግርጌ ላይ የታተመው ግን አርባ አንድ ነው። ማሽኑ ሽፋኑንም መቅድሙንም ማውጫውንም ቆጥሯል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሃያ ገጾች አልታተሙም፤ የፈተናው ጥያቄዎች በሙሉ የተቀዱት ደግሞ ከእነዚያ ነበር።

መምህሩ ዘንድ ገባሁ።

«የዘንድሮ ተማሪ አያነብም፣ አባቴ» አለኝ።

«እርስዎስ አንብበውታል?»

የራሱን ፍላሽ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «እዚህ ውስጥ ሁለት ሺህ መጽሐፍ አለ። የቱን ላንብብ? ከምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄዎቹን አወጣሁ፣ በቃ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ቆጠራዬ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። «እንግዲያው ድጋሚ ይፈትኗቸው» ብቻ አልኩ። ፈተናቸው። ልጄ ፊልም ባልኩት ስክሪን ፊት ተቀምጣ አነበበችና አለፈች።

ገጹ በሃምሳ ሳንቲም፣ ለአንድ ሰው አርባ ብር። ሠላሳ ስምንት ተማሪ በነፃ ለተቀመጠ መጽሐፍ የከፈለው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃያ ብር።