የወሰኔ ጥማድ

ጋሽ ወሰኔን የማያውቅ ሰው ሲያየው ኩሩ ይመስለዋል። ኩራት አይደለም፤ ከሰው ጋር ወሬ አይሆንለትም፣ ሌላ ነገር የለውም። ከከብት ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። እኔ ላቀች፣ ከአሰብ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረው የከብት ማቆያ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ድርቆሹንም ናፍጣውንም ፈርሞ የሚወስደው ከእኔ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ያናገረኝ ሁሉ ቢጠራቀም፣ አንዲት ላም በአንድ ሳምንት የሰማችውን አያክልም። በዚህም ስንት ጊዜ ተናድጄበታለሁ!

ማቆያው ከደጋ በመኪና ተጭነው የሚመጡ ከብቶች መርከብ እስኪደርስላቸው የሚሰነብቱበት በረት ነው። መርከቡ ዓረብ አገር ያሻግራቸዋል። እስኪመጣ ድረስ በሕይወት የሚያቆያቸው ጋሽ ወሰኔና አንዲት ትንሽ አሮጌ የጣሊያን ትራክተር ናቸው። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ የተጫነውን ተጎታች ትስባለች፣ ከዚያ የውሃውን ታንከር። አሰብ ላይ በሰኔ ሙቀት ውሃ ያላገኘ ከብት እኩለ ቀንን አያልፍም።

ትራክተሯ ደግሞ ሞተሯን በቁልፍ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል። መለዋወጫ በተጠየቀ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ስለዚህ ጋሽ ወሰኔ ሁልጊዜ ማታ፣ ከብት ከመኪና የሚወርድበት የአፈር ቁልቁለት አናት ላይ ያቆማታል። ጠዋት ከጎማዋ ሥር ድንጋዩን ያነሳና ይለቃታል። ስትንደረደር ማርሽ አስገብቶ በእግሩ የረገጠውን ፍሪሲዮን ሲለቅላት ታጓራለች። አንዴ ከተነሳች ሥራው እስኪያልቅ አያጠፋትም።

አገሩ ሳይንት ነው። እስከ ሃያ ዓመቱ አባቱ ቤት አርሷል። ከዚያ አዋሽ ዳር ወርዶ ጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ተማረ፤ አሰብ የመጣው ኋላ ነው። «ገበሬነቱን ረስቼዋለሁ» ይል ነበር ሲጠየቅ። አልረሳውም። በ77 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ወደ በረቱ የሚገቡት ከብቶች ሌላ ዓይነት ሆኑ። አንድ ቀን የአንዱን በሬ ጫንቃ እየዳበሰ ሳለ ጠራኝ። ጠጉሩ ተመልጦ ቆዳው ደድሯል።

«ይሄ ቀንበር ነው» አለኝ። «የእርሻ በሬ ነው የሚሸጡት፣ ላቀች። ዝናቡ ቢመጣስ ሰውየው በምን ሊያርስ ነው?»

እኔም ጫንቃውን ዳበስኩት። 

ከነዚያ በሬዎች ሁለቱ ካልተጎዳኙ ድርቆሽ አይቀምሱም። አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፣ ጋሽ ወሰኔ ቦራ ብሎ ጠራው። ሌላውን በመልኩ ዳለቻ አለው። ከአንድ ቤት የወጡ ጥማድ መሆናቸውን ጋሽ ወሰኔ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀው። ተጎታቹን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላም የሚላቸው እነሱን ነው። ከእኔ በፊት ማለት ነው እንግዲህ!

በሰኔ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የማቆያው ኃላፊ ጓድ ፍቅሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ስብሰባና እንግዳ ሲሰማ ልቡ ይሸበራል። በዋዜማው ትራክተሯን አየና «ይህ ቁልቁለት ላይ የተሰቀለ ብረት ምንድን ነው? ሼድ ውስጥ አስገባው» አለ።

«ሼዱ ሜዳ ነው ጓድ። ነገ አትነሳም።»

«ሠራተኛው ሁሉ ገፍቶ ያስነሳታል።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓድ ፍቅሬ ራሱ ሠራተኛውን በሙሉ በመኪና ጭኖ ለአቀባበል አውሮፕላን ማረፊያ ይዞት ሄደ። ሰው ይገፋታል ያለው ሰውዬ ገፊውን ይዞ ሄደ! ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ጋሽ ወሰኔና ዘበኛው አባ ወልዴ ነን። ሦስታችን ገፋናት። አሸዋው ያዛት፤ ንቅንቅ አላለችም። በባልዲ ውሃ መቅዳት ጀመርን፤ ለሦስት መቶ ከብት በባልዲ! ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ጊደር በጉልበቷ ወደቀች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አባ ወልዴ ጸሎቱን ያዘ።

ጋሽ ወሰኔ ባልዲውን አስቀመጠና ከዕቃ ቤቴ አጠና፣ ገመድና ባዶ ጆንያ አወጣ። ቦራንና ዳለቻን ከበረት ይዟቸው መጣ። አጠናውን ጫንቃቸው ላይ ሲያኖር ዳለቻ አልቆም ብሎ ይሽከረከር ጀመር። ጋሽ ወሰኔ ለአፍታ አየውና «አሃ፣ ቀኝህን ነው የነሳሁህ!» ብሎ ቦታ አለዋወጣቸው። ወዲያው ጸጥ አሉ። ጆንያውን አንገታቸው ሥር አድርጎ ጠመዳቸው፣ ገመዱን ከትራክተሯ አሰረና ወንበሯ ላይ ወጣ።

«ና ቦራ! በል ዳለቻ! ሳብ!»

ያን ድምፅ እስከዚያ ቀን በስድስት ዓመት ሰምቼው አላውቅም። በሬዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሳቡ። እኔና አባ ወልዴ ከኋላ ገፋን። አሸዋው ለቀቃት፤ ሄደች፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው፤ አጓራች! «ተው!» ሲላቸው ከጀርባቸው ያ ሁሉ ጩኸት እያለ ቀጥ ብለው ቆሙ። እልል አልኩ። ጊደሯ ብቻ አልተረፈችም።

ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶቹ ግቢውን አይተው ሲሄዱ፣ ጋሽ ወሰኔ ኃላፊው ቢሮ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት፤ በዕድሜው ሙሉ ልመና ሲለምን ያኔ ብቻ ነው የሰማሁት።

«ጓድ፣ ሞተሪኖው እስኪመጣ ሁለቱን በሬዎች ይተዉልኝ። እነሱ ባይኖሩ ዛሬ ይህ በረት አልቆ ነበር።»

ጓድ ፍቅሬ ላቡን ጠረገ። «ትራክተር በበሬ የሚያስነሳ ኃላፊ ተብዬ በስብሰባ ልወቀስ? ቁጥራቸው ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ ወሰኔ። ሁለት ቢጎድል አሻጥር ነው የሚባለው። እኔም አንተም አንተርፍም።» ፈርቶ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አልፈርድበትም። ያን ቀን ግን በሩን ወርውሬ ዘግቼ ነው የወጣሁት።

መርከቡ ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ወሰኔ ለመንገድ የሚሆነውን ድርቆሽ በትራክተሯ ወደቡ ላይ አራግፎ፣ እንዳትጠፋበት ሞተሯን ሳያቆም ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። እኔ የሚወጡትን ከብቶች እያየሁ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሌሎቹ ወጡ። ቦራና ዳለቻ የመርከቡን መወጣጫ ሲረግጡ ብረቱ ጮኸባቸውና አንወጣም አሉ። ሦስት ሰዎች በዱላ ወረዱባቸው። ቦራ ቀንዱ ሥር ደም ፈሰሰው።

«ተዉአቸው!» አለ ጋሽ ወሰኔ። ከትራክተሯ ወርዶ፣ እንደ አራሽ ከኋላቸው ቆመ። ዳለቻን በእጁ ወደ ቀኝ አዞረው።

«ና ቦራ። በል ዳለቻ። ሳብ።»

በሬዎቹ ቀና አሉ። ጎን ለጎን ሆነው፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ዱላ፣ ያንን መወጣጫ ወጡት። እሱም ከኋላ ከኋላቸው እየተናገረ እስከ ውስጥ ድረስ ሸኛቸው። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው «በሬ ካራጁ ይውላል» ብሎ ሳቀ።

ጋሽ ወሰኔ ሲወርድ ቁጣዬን የማወርድበት ሰው አጥቼ እሱ ላይ ጮኽኩበት። «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ? እንዴት በገዛ እጅህ?»

«መሄዳቸው ካልቀረ» አለኝ፣ «እርሻ የሚሄዱ ይምሰላቸው እንጂ፣ ላቀች።»

ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ትራክተሯ ላይ ወጣ።

ሞተሪኖው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ራሱ ገጠመው፤ ትራክተሯ ሜዳ ላይ በቁልፍ ትነሳ ጀመር። እስከ ሰማንያ ሦስት፣ አሰብን ለቀን እስከወጣን ድረስ፣ በየጠዋቱ ድርቆሹንና ውሃውን ሳያጓድል አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ለአንድም ከብት ስም አላወጣም። እኔ ዕቃ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ለከብቶቹ የሚላቸውን እጠብቅ ነበር፤ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።