ራኩባ ለጀርመኑ መድፍ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ኡስታዝ አብደልቃድር ባልዲውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡትና ደረቅ ብሩሽ ሰጡኝ። በሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ያለችው ትንሽ ሙዚየም ኃላፊ እሳቸው ናቸው።

«መድፍ በውኃ አይታጠብም፣ ኡም ሰላም» አሉኝ። ሰላም ልጄ ናት፤ ሱዳኖች እናትን በልጇ ስም ይጠራሉ።

ከዚያ በፊት የማውቀው የእርሻ ሥራ ነበር። ከመተማ ቆላ ተነሥቼ፣ ድንበር ተሻግሬ፣ ባሱንዳ ሰሊጥ አጭጃለሁ፣ መፋዛ ማሽላ ቆርጫለሁ። ባሌ ሲሞት ሕፃን ይዞ ከእርሻ እርሻ መዞር አልሆነልኝም። ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ያገሬ ሰው ለኡስታዝ ነገረልኝ። እግዜር ይስጠው። ፈራሽ ሆኜ ተቀጠርሁ። ፈራሽ የሚጠርግም የሚላላክም ነው። በላዩ ዘበኛው አለ፣ ከዘበኛው በላይ ኃላፊው።

ግቢው መካከል የቆመው መድፍ የጀርመን ሥራ ነው። ኡስታዝ ለጎብኚ ሲናገሩ እየሰማሁ ታሪኩን ያዝሁት። ጀርመኖች ሠሩት፣ የግብፅ ጦር ገዝቶ ወደ ሱዳን አመጣው፣ ደርቡሾች ማረኩት። በገላባት በኩል ሳይተኩስ አልቀረም ይላሉ፤ በእርግጥ የሚያውቅ የለም።

«ተኩሶ ከሆነ በአንቺ አያቶች ላይ ነው» አሉኝ አንድ ቀን።

«እኔ በየሳምንቱ ዘይት እቀባዋለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቀኝም» አልኋቸው። ሳቁ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ብረቱ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ ይታሻል። አፈሙዙ ተርብ እንዳይሰፍርበት በእንጨት ውታፍ ይዘጋል። መንኮራኩሮቹ እንጨት ናቸው፣ ዙሪያቸውን ብረት ለብሰዋል፤ ውኃ አይነካቸውም። የእንጨት ዘንጎቻቸውን በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ። ደኅናው ድምፁ ደረቅ ነው። ምስጥ የገባበት እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ከሁሉ የጠበቀው ደንብ ይህ ነው፤ ሣርም፣ አገዳም፣ ጭራሮም ወደ መድፉ አይቀርብም። ምስጥ ይከተለዋል።

እኔም የራሴ ደንብ ነበረኝ። በሚካኤልና በማርያም ሥራ አልይዝም። ለኡስታዝ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ቀኑን ከእኔ እኩል ያዙት። «ነገ ሚካኤል ነው፤ መድፉም ይረፍ» ይሉኝ ነበር። ሥራ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ በዓሌን ያወቀልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ዘበኛው ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝና ከልጄ ጋር ግቢው ውስጥ መኖር ጀመርሁ። ከካርቱም የሸሸው ሰው ከተማውን ሞላው። ትምህርት ቤቶቹ አልበቃ ሲሉ ኡስታዝ የሙዚየሙን በር ከፈቱ። ሴቶችና ልጆች በማሳያ ክፍሎቹና በበረንዳው ሰፈሩ። ከእነሱ መካከል ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ ትልቅ ሴት ነበሩ። ምራታቸው አማል ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል።

ሐጃ ዘይነብ በመጡ በማግስቱ እርጥብ ልብስ አፈሙዙ ላይ አሰጡ።

«ሐጃ፣ እርጥብ ነገር አይነካውም» አልኋቸው።

«ወላሂ፣ ከካርቱም ጀምሮ መድፍ ሲያሳድደኝ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ልብስ እንኳ አልይዝልሽም ይለኛል?»

ልብሱን አንሥቼ ገመድ ወጠርሁላቸው።

አንድ ቀን ድሮን መጥቶ ከከተማው ዳር መታ። በማግስቱ አንድ መኮንን ግቢውን ሊያይ ገባ። መድፉን ዞረው፤ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«ይህ ከላይ ሲታይ መድፍ ነው» አለ።

«ሙዚየም ነው» አሉ ኡስታዝ።

«ሰማይ ላይ ያለው ይህን በምን ያውቃል? ወይ መድፉ ይውጣ፣ ወይ ሰዎቹ ይውጡ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።» በቁጣ አልተናገረም። ልጆቹን እያየ ነበር።

መድፉ አይወጣም። ከተጎተተ መንኮራኩሮቹ ይፈርሳሉ፤ ይህን ኡስታዝም እኔም እናውቃለን። ሰዎቹም መሄጃ የላቸውም። ሾዋክ ወደምትባል ከተማ የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ሊገኝ ይችላል ተባለ። ዝናቡ ጀምሯል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አማልን በዚያ መኪና መጫን ማለት ጭቃ ላይ ውለጂ ማለት ነው።

ሐጃ ዘይነብ ጓዛቸውን መቋጠር ጀመሩ። ኡስታዝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መድፉን ያያሉ። «ምስጥ ያልበላውን እኔ ልስበረው?» አሉ።

እኔ የማስበው ባሱንዳን ነበር። የቀን ሠራተኛ እርሻ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ ራኩባ ይሠራል። አራት ባላ ተክሎ ከላይም ከጎንም አገዳ ያስራል፤ ከፀሐይም ከዝናብም ይጠለልበታል። ከሩቅ ሲታይ ከማሽላ ክምር አይለይም።

«ራኩባ እንሥራለት» አልሁ።

«በአገዳ?»

«በአገዳ።»

«ምስጡስ?»

«ከምስጡ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ኡስታዝ ቀስ ብለው «ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ነበር፤ ያውም የሰኔው ሚካኤል፣ ዓመታዊው። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ቀን ማጭድም መጥረጊያም ይዤ አላውቅም።

«ነው» አልሁ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማተብሁና ገመድ ፍለጋ ሄድሁ።

ኡስታዝ ያምናውን የማሽላ አገዳ በአህያ ጋሪ አስጭነው መጡ። በባላ ፈንታ የብረት ቱቦ አቆምን፤ እንጨት መሬት እንዳይነካ። አገዳውን ከመሬት ከፍ አድርገን አሰርን። ምስጥ እንዳይሻገር በመንኮራኩሮቹ ዙሪያ አመድ አፈሰስሁ፤ በአመዱ ዙሪያ ደግሞ ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት። የካርቱም ሴቶች አገዳ ማሰር አያውቁም። አሳየኋቸው።

«እኔ እኮ ቤቴ የአየር ማቀዝቀዣ ነበረኝ» ይሉኛል ሐጃ ዘይነብ አገዳ እያቀበሉ።

«ይኸው እኛም እየሠራን ነው፣ ሐጃ። ይህ መብራት አይፈልግም።»

አማል ከበረንዳው ሆና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ጠዋት መኮንኑ መጣ። «መድፉን የት ወሰዳችሁት?» አለ። ኡስታዝ አገዳውን ገለጥ አደረጉለት። ጎንበስ ብሎ ገብቶ አየ። ከዚያ መሰላል ጠይቆ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሲወርድ «የዱራ ክምር ነው የሚመስለው» አለና ሄደ። ዱራ የሚሉት ማሽላውን ነው። ሐጃ ዘይነብ ጓዛቸውን ፈቱ።

አማል በዚያው ሳምንት ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ሆኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐጃ ዘይነብ ሕፃኗን አቅፈው ከራኩባው ሥር ይቀመጡ ነበር፣ ጀርባቸውን ለመንኮራኩሩ ሰጥተው። ከልክዬ አላውቅም።

ያን ክረምት አመዱን ዝናብ ባጠበው ቁጥር እንደገና አፈስሳለሁ፣ ጠዋት ማታ አንኳኳለሁ። መስከረም ሲጠባ አንዱ ዘንግ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ኡስታዝን ጠራኋቸው፤ እሳቸውም አንኳኩ።

«አንድ ብቻ ነው?» አሉ።

«አንድ ብቻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እጃቸውን ዘንጉ ላይ ጥቂት አቆይተው አነሡት።

በዓል መሻሬንና ምክንያቱን ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። «ሰዎቹ አሉ?» አሉኝ። አሉ አልኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሌላ አልጠየቁኝም።

አሁን መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ማስረከቤ ነው። ለሚረከበኝ የምለው ይህን ነው። ብረቱን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፤ ዘንጎቹን ጠዋት ጠዋት አንኳኳ፤ አገዳ አታስጠጋ። ሰው መጠጊያ ካጣ ግን አስጠጋ። ከዚያ ማታም አንኳኳ።